ያልነካሁት ራዲያተር

ጉልበቴ ደረጃ አልወርድም ሲል ሥራ ተውኩ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ምድር ቤት ምናምን የሚባል ነገር እርሳው» አለኝ፤ እኔ የምጠግነው ቦይለር፣ ቤት የሚያሞቀው ማሽን፣ ደግሞ መኖሪያው ምድር ቤት ነው። መሣሪያዬን ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ ጋራዥ ውስጥ ሰቀልኩት። ባለቤቴ «ተመስገን፣ አሁን እንኳ እንቅልፍ ትተኛለህ» አለች። የት ተተኝቶ! ቴሌቪዥኑ በረዶ ይመጣል ባለ ቁጥር የጠገንኳቸው ቤቶች አንድ በአንድ ይመጡብኛል። የትኛው ፓምፕ አርጅቶ ነበር? የትኛው ቫልቭ ያንጠባጥብ ነበር? ጡረታ ስወጣ ጭንቀቱም አብሮኝ የሚወጣ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በአየር ነው። ቦይለር ያላቸው ቤቶች ጥቂት፣ ያውም አሮጌ ናቸው። ነገሩ ከባድ አይደለም፦ ቦይለሩ ውሃ ያሞቃል፣ ፓምፑ የሞቀውን ውሃ በቧንቧ እየገፋ በየክፍሉ ወዳሉት የብረት ማሞቂያዎች፣ ወደ ራዲያተሮቹ፣ ይልከዋል፣ ውሃው ሙቀቱን እዚያ ጥሎ ቀዝቀዝ ብሎ ይመለሳል። ይኼ ዙር ካልተቋረጠ ቤቱ ሰላም ነው። ከተቋረጠ ግን ጋዙ መንደዱን አይተውም፣ ውሃው መሄጃ የለውም፣ እዚያው ይፈላል። ሕይወቴን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ይኼው ነው፤ ዙሩ የት እንደተቋረጠ መፈለግ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ካሮልተን አንድ አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ነው። ቧንቧም፣ በርም፣ አምፖልም ያው እኔ ነኝ። ማናጀሩ ችኩል ሰው ነበር። ቦይለሩ ከልክ በላይ ሞቆ ራሱን ሲያጠፋ «ሪሴት አድርገውና ቶሎ ና» ይለኛል። ሪሴት ማለት አንዲት ቀይ ቁልፍ ናት፤ ስትጫናት ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ እንደገና ይነሣል። እኔም እጫናታለሁ፣ ይነሣል፣ ማናጀሩ ደስ ይለዋል። ለምን እንደጠፋ የሚጠይቅ ግን ማንም አልነበረም። እዚያ ቤት የተማርኩት ነገር ቢኖር መቸኮልን ነው፤ ከላዬ ላይ ለማራገፍም ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ያራገፈልኝ ዌንደል ነው። ከካሮልተን ወጥቼ ፎርት ዎርዝ አንድ ሆስፒታል የቦይለር ክፍል ስገባ ሹሜ እሱ ሆነ። ረጅም፣ ጥቁር፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ የቴክሳስ ሰው ነበር። ወደ ተበላሸ ማሽን ሲጠራ ከሁሉ በፊት ባልዲ ይደፋና ቁጭ ይላል። መፍቻ አያነሣም፤ ያዳምጣል። ማሽኑ ተነሥቶ፣ ነድዶ፣ እስኪጠፋ ድረስ አንድም ቃል አይተነፍስም። ከዚያ ተነሥቶ ቤቱን መዞር ይጀምራል። ያለውን ክፍል ሁሉ ይገባል፤ ቁም ሣጥን ይከፍታል፣ ሽንት ቤት ይገባል፣ የተቆለፈ ክፍል ካለ ቁልፍ ያስመጣል። በደረሰበት ሁሉ ራዲያተሩን በእጁ ጀርባ ይነካል። መዳፍ ከሥራ ብዛት ስለሚደነድን ይዋሻል፣ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን «ታደለ፣ ቦይለር ከልክ በላይ የሚሞቀው ብዙ ስለሚያነድ ይመስልሃል። አይደለም። ሙቀቱን የሚወስድለት ስላጣ ነው። ማሽኑን ከመፍታትህ በፊት ሙቀቱ የት እንደቀረ እወቅ» አለኝ።

ዌንደል ጡረታ ሲወጣ እኔ ዴንተን ሄጄ ለጥቂት ዓመት የተማሪዎች ማደሪያ ማሞቂያዎችን ያዝኩ። ደመወዙ ደህና ነበር፣ ወረቀቱ ግን ናላ ያዞራል። በመጨረሻ አሮጌ ቫን ገዛሁና ለራሴ መሥራት ጀመርኩ። ስሜ በቤተ ክርስቲያንም በምግብ ቤትም ዞረ፤ የውሃ ማሞቂያ ያለው ቤት የገዛ ሐበሻ ሁሉ «ጋሽ ታደለን ጥሩት» ይላል። ብሩክም ያገኘኝ እንዲሁ ነው።

ብሩክ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፣ ባንክ ይሠራል። እሱና ባለቤቱ ሕይወት ፎርት ዎርዝ አሮጌ ሰፈር ውስጥ ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ቤት ገዝተው ነበር። ሕይወት ወንድ ልጅ ከተገላገለች ገና ጥቂት ቀኗ ነው። እናቷ እማማ ዘነበች ልጃቸውን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን መጥተዋል። ብርድን የሚያውቁ ሴት ናቸው።

በሩን የከፈተልኝ ብሩክ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ጋሼ፣ ይቅርታ ቢዚ አደረግኩዎት፤ ቦይለሩ ኦቨርሂት እያደረገ ሻት ዳውን ይላል። ሪሴት ሳደርገው ይሠራል፣ ሶ ደህና ሆነ ስል እንደገና። ማለቴ ቤቢ አለ፣ ውጪው ፍሪዚንግ ነው፣ አይ ዶንት ኖው…»

«አይዞህ» አልኩት፣ «እናየዋለን።»

ባልዲ ደፍቼ ምድር ቤት ተቀመጥኩ። ማሽኑ ተነሣ፣ ነደደ፣ በሥርዓቱ ጠፋ። ምንም አልነበረበትም። ከዚያ እንደ ዌንደል ቤቱን ዞርኩ። ሳሎኑ ሙቅ፣ ወጥ ቤቱ ሙቅ፣ ፎቁ ሙቅ። ከቦይለሩ በላይ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ አንድ ክፍል ቀረኝ። አራሷ ያለችበት ነው። እማማ ዘነበች በሩ ላይ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ለብሰው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኩ ከበሩ ውጭ ሆኜ፣ ድምፄን ወደ ውስጥ ልኬ።

«ማርያም ታኑርዎት» አሉ እማማ። «እዚህስ ደህና ነው አቶ ታደለ፣ ሙቀቱ እንደ ልብ ነው።»

እኔም «ደህና ከሆነስ» ብዬ ተመለስኩ። አንዲት ሴት አልጋ ላይ ሆና ልጅ ታጠባለች፤ በአርባ ቀኗ ውስጥ ያለች አራስ ናት፤ የማላውቃት የሰው ሚስት። መፍቻ ይዤ ልግባ? አንድ ፈረንጅ ቴክኒሻን ቢሆን «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብሎ ጥልቅ ይል ነበር። እኔ ማን አሳድጎኝ!

ያን ቀን ሙቀት መቆጣጠሪያውን ቀየርኩ። ያው ደግሞ ጠፋ። ተመልሼ ፓምፑን ቀየርኩ። ደግሞ ጠፋ። ሦስተኛ ሄጄ ቧንቧው ውስጥ የታፈነ አየር አስወጣሁ። በሄድኩ ቁጥር ማሽኑ ፊቴ እንደ ጨዋ ልጅ ይሠራል፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ ያምፃል። ይኼ ነው ሰውን የሚያሳብደው። ታሞ ሐኪም ፊት የሚድን በሽተኛ ምን ታደርገዋለህ?

ብሩክ በሦስተኛው ቀን ሲሸኘኝ ፈገግ ብሎ «ደግሞ የሚገርመው ሁልጊዜ ሰው ሲመጣ ነው የሚያዋርደን፤ እንግዶቹ ኮት ለብሰው ነው የሚቀመጡት» አለኝ። አብሬው ሳቅኩ። ዌንደል ቢሆን ባልዲው ላይ ተመልሶ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን ስቄ ቫኔን አስነሣሁ።

አንድ ነገር ግን አላስተኛኝም። ቦይለር የማስተንፈሻ ቫልቭ አለው፤ ግፊቱ ሲበዛ ይከፈትና ውሃውን በቧንቧ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ከማሽኑ ክፍል ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲከዳህ የመጨረሻው ታማኝ እሱ ነው። የነብሩክ ማስተንፈሻ ቧንቧ የሚወጣው በጎን በር ደረጃ አጠገብ ነው። የሚተፋው ውሃ ደረጃው ላይ ወርዶ በረዶ ሠርቶ ነበር። ስለ በረዶው ብሩክን አስጠነቀቅኩት፤ «እንግዳ ይወድቅባችኋል፣ ጨው ነስንስበት» አልኩት። ስለ ቧንቧው ግን ምንም አላልኩም። ሰው ይነካዋል ብዬ በምን ላስብ?

እሑድ ካሮልተን ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ብሩክ ነው። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማኛል። «ጋሼ፣ አሁንም ጠፋ። ሪሴት እያደረግኩት ነው፣ በደንብ አልያዘልኝም። ቤቱ በጣም ቀዝቅዟል፣ ሰው ደግሞ ሞልቷል…»

«አትነካካው፣ እኔ እስክመጣ ተወው» አልኩት። «ኦኬ ጋሼ» አለኝ። የዚህ አገር ልጅ «ኦኬ» ሲልህ ሰምቶሃል ማለት ብቻ ነው፤ ይታዘዝህ አይታዘዝህ ሌላ ጉዳይ ነው።

መንገዱ ሁሉ መስተዋት ሆኗል። ድልድይ ላይ የቆሙ መኪኖች፣ በጎናቸው የሚንሸራተቱ ከባድ መኪኖች። መሪውን ጨብጬ ከካሮልተን ፎርት ዎርዝ እስክደርስ ከንፈሬን ስበላ ነበር። የፈራሁት መንገዱን አልነበረም። የልጁ ነገር ነው የከነከነኝ፤ ገና ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን በዚያ ብርድ።

ስደርስ መንገዱ ዳር ዳሩን በመኪና ተሞልቷል፤ ፓርክ ማድረጊያ አጥቼ ራቅ ብዬ አቆምኩ። በጎን በር በኩል ሄድኩ፣ እንዳልወድቅ እግሬን እያየሁ። ደረጃው ደረቅ ነው። በረዶ የለም፣ ጠብታ የለም። ጨው ነስንሰው ይሆናል ብዬ ቀና ስል የማስተንፈሻውን ቧንቧ አየሁት። አፉ ላይ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ የናስ ክዳን ተጠምዝዞበታል።

በኋላ እንደሰማሁት የብሩክ ጓደኛ ነው ያደረገው፤ ገንፎ ይዛ የመጣች ሴት ደረጃው ላይ አንሸራቷት ልትወድቅ ስትል አይቶ፣ አዝኖ፣ ከመኪናው ዕቃ አምጥቶ ደፈነላቸው። ቤተሰቡም መረቀው። እንግዲህ የሚፈላ ማሽን መተንፈሻው ታፍኖ፣ ቤት ሙሉ ሰው፣ ከማሽኑ በላይ ደግሞ አራስና ልጅ።

የጋዙ ቆጣሪና መዝጊያው ከደረጃው አጠገብ ነው። መፍቻ አውጥቼ ዘጋሁት። በሩን ገፍቼ ስገባ ከምድር ቤት የሚመጣውን ድምፅ ሰማሁ። ቧንቧው ይንኳኳል፣ ውስጡ ድንጋይ እንደሚቀቀልበት ድስት ይንጎደጎዳል። ከደረጃው አናት ሆኜ ወደ ታች ተመለከትኩ። ብሩክ ማሽኑ ፊት ተንበርክኮ ቀይዋን ቁልፍ ተጭኗል። የግፊቱ መለኪያ ቀስት ቀዩን መስመር አልፎ ሄዷል።

«ብሩክ» አልኩት፣ በተቻለኝ መጠን በዝግታ። «እጅህን አንሣና ወደ እኔ ውጣ።»

«ጋሼ፣ ጀስት አንድ ሚኒት፣ ሊይዝ ነው…»

«ውጣ አልኩህ!»

ወጣ። እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። ጋዙ ቢዘጋም የፈላው ውሃ ወዲያው አይበርድም፤ ግፊቱ እዚያው ነው። «ሰውን ሁሉ ወደ ፊት በር ውሰድልኝ» አልኩትና በኮሪደሩ ወደ መጨረሻው ክፍል ሄድኩ። እማማ ዘነበች እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ናቸው፤ ከኋላቸው ክፍሉ በሴቶች ታጭቋል።

«እማማ፣ አራሷን ከዚህ ክፍል ማውጣት አለብን። አሁኑኑ።»

«ወዴት?»

«ወደ ፊት፣ ከቤቱ ውጭ። መኪናዬን አሞቃለሁ።»

«አራስ? በዚህ ብርድ?» በሩን በክንዳቸው ዘጉት። «አቶ ታደለ፣ ምን ነካዎት? ብርድ መትቷት ዕድሜ ልኳን ስትማቅቅ ልይ? ልጁስ? ገና አጥንቱ ያልጠና!»

«እማማ፣ ከዚህ ክፍል በታች ያለው ማሽን ሊፈነዳ ይችላል።»

እማማ ግን አልተነቃነቁም። ፊታቸው ላይ ያየሁት እምቢተኝነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። በሁለት በኩል ሞት የመጣባቸው ይመስሉ ነበር፣ አንዱ ከታች አንዱ ከውጭ። እሳቸው የውጩን ያውቁታል። የታችኛውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከአልጋው ላይ የሕይወት ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ተያቸው። ጋሼ፣ ይግቡ።»

ገባሁ። ሴቶቹ በግራና ቀኝ ገለል አሉልኝ። ክፍሉ በሰው ትንፋሽ ታፍኗል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ ያልበኛል። ሕይወት ልጁን ደረቷ ላይ አጣብቃዋለች። ራዲያተሩ ከአልጋው ራስጌ ነው። እጄ ከኔ ቀድማ ሄደች መሰለኝ፤ በእጄ ጀርባ ነካሁት። የሞተ ብረት። ከሥሩ ውሃው ይንተከተካል፣ እሱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ የቀረበትን ቦታ አገኘሁት።

«ይኼን ማን ዘጋው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ዘነበች ከኋላዬ። «ሰው ሲበዛ ልጁ ይታፈናል። መስኮት አልከፍት፣ ነፋሱ አራሷን ይመታታል። እንግዳ ሲመጣ እዘጋዋለሁ፣ እንግዳ ሲሄድ እከፍተዋለሁ። ምን አጠፋሁ?»

የጥንቱ ባለቤት ቧንቧ ለመቆጠብ ብሎ ይሁን ሌላ፣ የቤቱን ራዲያተሮች ሁሉ በአንድ መስመር አስገጥሟቸው ኖሯል። ውሃው ሁሉንም ዞሮ የሚመለሰው በዚህች ክፍል በኩል ነው። ይቺ ቫልቭ ስትዘጋ የቤቱ ውሃ ሁሉ ቀጥ ይላል። በመጀመሪያው ቀን ገብቼ መስመሩን አይቼ አንዴ ብነካት ኖሮ ሁሉንም ባወቅኩት።

ቫልቩን ቀስ ብዬ፣ ትንሽ በትንሽ ከፈትኩት። ፓምፑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ አልቆመም ነበር። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ቧንቧው ጠቅ አለ፤ ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ። ውሃው መጣ። ከእጄ ሥር ብረቱ ሲሞቅ ተሰማኝ። ከታች ያለው መንጎድጎድ ቀስ በቀስ ተራራቀ፣ ከዚያ ጠፋ። ብሩክን ከደረጃው አናት ሆኖ ቀስቱን እንዲያይ ነገርኩት። «እየወረደ ነው ጋሼ፣ እየወረደ ነው!» እያለ ሲጮኽ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ፤ አራስ አልጋ ላይ፣ ሥራ ልብሴን እንደለበስኩ። ማንም ተነሥ አላለኝም።

ማሽኑ ሲበርድ የናሱን ክዳን ፈታሁና ኪሴ ከተትኩት። ማስተንፈሻውን በአዲስ ቀየርኩ፤ ያን የራዲያተር ቫልቭም እጀታውን አውልቄ ውሃው ሁልጊዜ እንዲያልፍ አደረግኩት። እንግዶቹ ተበተኑ። እማማ ዘነበች ገንፎ አቀረቡልኝ። ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«እውነቱን ንገረኝ» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉኝ። «ባትመጣ ምን ይሆን ነበር?»

ነገርኳቸው። አልቀነስኩላቸውም።

«ሦስት ጊዜ ስትመጣ ለምን ያን ጊዜ ወደ ክፍሉ አልገባህም?» አሉኝ።

«አክብሬያችሁ ነዋ እማማ። አራስ ያለችበት ክፍል…»

«እኔም ቫልቩን መዝጋቴን ያልነገርኩህ አክብሬህ ነው» አሉ። «ባለሙያ ነው፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ።» ከዚያ አለቀሱ። እኔም መሐረቤን ስፈልግ እጄ የናሱን ክዳን አገኘ።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ያን የብርድ ወቅት ብቻ ነው። በሄድኩበት ቤት ሁሉ ግን ሳላንኳኳ ያለፍኩት በር የለም። «ይቅርታ፣ መግባት አለብኝ» እላለሁ። የተቆጡኝ አሉ፣ ያፈሩብኝም አሉ። ዌንደልን በስልክ አግኝቼ ታሪኩን ስነግረው እንደ ማሽኖቹ እኔንም ጨርሼ እስካበቃ አዳመጠኝ። «አሁን ቤቱን ሁሉ ዞርክ» አለኝ በመጨረሻ።

ለልጁ ክርስትና ጠሩኝ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ውጪው አሁንም ብርድ ነው። ጋቢዬን ለብሼ ኮሪደሩ ውስጥ ቆምኩ። ያቺ በር ገርበብ ብላለች፤ ውስጥ ሴቶች ይሳሳቃሉ፣ ሕይወት ልጇን እያጠባች ነው። ዓይኔ ያለ ፈቃዴ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፣ መልሼ ወደ ወለሉ አደርገዋለሁ። እንግዳ በዝቷል። ማን ያውቃል፣ አንዷ ሙቀት በዛብኝ ብላ ሌላ ነገር ነካክታ ቢሆንስ?

እማማ ዘነበች ከሰው መሐል አዩኝ።

«ታደለ!» አሉ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። «እዚያ ምን ትገተራለህ? ግባና ንካው እንጂ!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ መንገድም ለቀቁልኝ። ገባሁና በእጄ ጀርባ ነካሁት። ሞቋል። እጄን ግን ቶሎ አላነሣሁም።